የሰባት ወር በጎ ፈቃድ ልምድ ይባላል?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በሶሲዮሎጂ ተመርቄያለሁ። አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና ችግር ላይ ያሉ ሕፃናትን በመኖሪያ ሰፈራቸው የሚደግፍ ድርጅት ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። ማስታወቂያው ሁሉ ግን «የሁለት ዓመት የኬዝ ማኔጅመንት ልምድ» ይላል። ያለኝ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች ቤት በበጎ ፈቃደኝነት የተመላለስኩበት ሰባት ወር ነው። ይህ ልምድ ይባላል? ቃለ መጠይቅ ላይስ ምን ይጠይቁኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ ልምድ ነው። በላክሽልን ሲቪ ላይ በሰፈረበት አኳኋን ግን ማንም አይቆጥርልሽም። «በልዩ ልዩ የበጎ አድራጎት ሥራዎች በንቃት ተሳትፌያለሁ» ብለሻል፤ ይህን መስመር ያልጻፈ አመልካች የለም። ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው ስንት ቤት እንደያዝሽ፣ በየስንት ጊዜው እንደሄድሽ፣ ምን እንደመዘገብሽ፣ ችግር ስታገኚ ለማን እንዳስተላለፍሽና ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ነው። ለምሳሌ፦ «ለ7 ወራት በሳምንት ሁለት ቀን 6 አረጋውያንን ቤታቸው ሄጄ ጎብኝቻለሁ፤ የጉብኝት ማስታወሻ ይዣለሁ፤ 2ቱን ወደ ጤና ተቋም አገናኝቼ አገልግሎት ማግኘታቸውን አረጋግጫለሁ።» ቁጥሩ የራስሽ እውነተኛ ቁጥር ይሁን። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ያገናኘሽው አንድ ብለሽ ጻፊ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ስለዚያ አንድ ሰው አሥር ጥያቄ ሊመጣብሽ ይችላል።

ኬዝ ማኔጅመንት የሚለው ስም አያስፈራሽ። አንድን ሰው ወይም ቤተሰብ አንድ ተጠሪ ባለሙያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞት የሚሄድበት አሠራር ነው። ድጋፍ የሚያስፈልገውን ሰው ትለያለሽ፣ ትመዘግቢያለሽ፣ ሁኔታውን ትገመግሚያለሽ፣ ከባለጉዳዩ ጋር ዕቅድ ታወጫለሽ፣ ዕቅዱን በቀጥታ ድጋፍም በሪፈራልም (ወደ ሌላ አገልግሎት ሰጪ በመላክ) ትፈጽሚያለሽ፣ ትከታተያለሽ፣ በመጨረሻ ፋይሉን ትዘጊያለሽ። ይህን በቃሉ የማይወጣ አመልካች የለም። ጠያቂዎቹን የሚያሳምናቸው ሥራው የት ላይ እንደሚበላሽ ማወቅሽ ነው።

በብዛት የሚበላሸው ሪፈራል ላይ ነው። ጀማሪ ወረቀት ጽፎ ይሰጥና ፋይሉ ላይ «ሪፈር ተደርገዋል» ብሎ ያሰፍራል። ሰውየው ግን የትራንስፖርት ገንዘብ አጥተው ይቀራሉ፤ ወይም ሄደው «መታወቂያ ይዘው ይምጡ» ተብለው ተመልሰዋል፤ ወይም ያ አገልግሎት ከቆመ ወራት አልፎታል። ስለዚህ ወረቀቱን ከመጻፍሽ በፊት ተቀባዩ ዘንድ ደውይ፦ አገልግሎቱ አሁን አለ ወይ? ማንን ይቀበላሉ? ምን ሰነድ ይጠይቃሉ? ክፍያ አለው? ማንን ብለው ይጠይቁ? ፋይልሽ ላይ አራት ቀኖች ይኑሩ፦ የላክሽበት፣ ተቀባዩ መረከቡን ያረጋገጠበት፣ ባለጉዳዩ አገልግሎቱን ያገኙበት፣ አንቺ ደውለሽ ወይም ሄደሽ የጠየቅሽበት። አራተኛው ባዶ ከሆነ ሪፈራሉ ገና አላለቀም።

ቃለ መጠይቁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ጠብቂ፦ «የ71 ዓመት አዛውንት የ9 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ልጁ ከትምህርት ቤት ከቀረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ቤታቸው ሄደሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

አብዛኛው ሰው ደብተር፣ ምግብ፣ ገንዘብ እያለ መዘርዘር ይጀምራል። አንቺ ከበሩ ጀምሪ። ማን እንደሆንሽ፣ ለምን እንደመጣሽ፣ ምን እንደምትጽፊና ማን እንደሚያነበው ለአዛውንቷ ትነግሪያቸዋለሽ። አልፈልግም ማለት መብታቸው እንደሆነ፣ እንቢ ቢሉም የሚያገኙት ሌላ ድጋፍ እንደማይቀርባቸው ትገልጪላቸዋለሽ። ሚስጥራቸውን እንደምትጠብቂ፣ ነገር ግን የሰው ሕይወት ወይም የልጅ ደኅንነት አደጋ ላይ ከወደቀ ለሚመለከተው አካል ለማሳወቅ እንደምትገደጂ የምትነግሪያቸው ጨዋታው ሳይጀመር ነው። ሰውየው ሚስጥሩን ከነገረሽ በኋላ «ይህንን ግን ልናገር ነው» ማለት እምነት ማፍረስ ነው። ልጁንም በዕድሜው በሚገባው ቋንቋ ፈቃዱን ጠይቂው፤ የአያቱ ፊርማ የእሱን አይተካም።

ከዚያ ጥያቄው «ለምን ቀረ?» ነው። ደብተር ስላጣ ሊሆን ይችላል። አያቱ ውኃ መቅዳትና ደረጃ መውረድ ስለተሳናቸው እሱ እየሠራላቸውም ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ አሥር ደብተር ብትገዢለት ነገም ቤት ነው የሚውለው። ዕቅዱ ለአያት የቤት ውስጥ ረዳት ወይም ተራ ገብቶ የሚያግዝ ጎረቤት ማፈላለግ ይሆናል። መልስሽ ላይ ይህችን መታጠፊያ ካሳየሽ ጠያቂው ቀና ብሎ ያይሻል።

የአዛውንቷን የአቅም ሁኔታ ስትጠይቂ «አካል ጉዳተኛ ነዎት?» አትበይ፤ ብዙ ሰው «ኧረ የለብኝም፣ እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። የዋሽንግተን ግሩፕ (በተባበሩት መንግሥታት ሥር የአካል ጉዳት መረጃ አሰባሰብን የሚያጠና ቡድን) አጭር መጠይቅ ለዚህ የተዘጋጀ ነው። ስድስት ጥያቄ ብቻ አለው፦ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት፣ ማስታወስና ሐሳብ መሰብሰብ፣ ራስን መንከባከብ፣ መግባባት። መልሱ አራት ደረጃ ነው፦ ምንም አይቸግረኝም፣ ትንሽ ይቸግረኛል፣ በጣም ይቸግረኛል፣ ፈጽሞ አልችልም። ከስድስቱ በአንዱ እንኳ «በጣም» ወይም «ፈጽሞ» ከተባለ ሰውየው አካል ጉዳት ካለባቸው ጋር ይቆጠራል። ቁጭ ብለሽ በቃልሽ አጥኚው፤ ይህን አውቀው የሚመጡ አዲስ ተመራቂዎች ጥቂት ናቸው።

ባለጉዳዩ ያለበትን የአደጋ ደረጃ መለየትም ይጠየቃል። ድርጅቱ የራሱ ሰንጠረዥ ካለው እሱ ይቀድማል፤ በብዛት የሚሠራበት ግን ከፍተኛ አደጋ በ24 ሰዓት፣ መካከለኛ በ72 ሰዓት፣ ዝቅተኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ምላሽ እንዲያገኝ ነው። የጾታ ጥቃት ሲያጋጥም ጊዜው ሌላ ትርጉም አለው፦ ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ደግሞ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፤ ሁለቱም በቶሎ በተጀመሩ ቁጥር ይሻላሉ። ስለዚህ ተጎጂዋ ፈቃደኛ ከሆነች መጀመሪያ ወደ ሕክምና ነው፤ ፎርሙ ይደርሳል።

ስለ ጽሑፍ አንድ ነገር። አንዳንድ ድርጅቶች አጭር ታሪክ ሰጥተው ማስታወሻ ያስጽፉሻል። «ልጁ ይደበደባል» ብለሽ አትጻፊ። «ቀኝ ክንዱ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁስል አይቻለሁ፤ አያቱ ‹ከደረጃ ወድቆ ነው› ብለዋል፤ ልጁ አልተናገረም» ብለሽ ጻፊ። ያየሽው፣ የሰማሽውና የገመትሽው ለየብቻ ይቀመጥ። የሰው ስም ከማስታወሻው ተለይቶ በኮድ ይያዝ። የባለጉዳይ ፎቶ በስልክሽ አንስተሽ የሥራ ባልደረቦች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ ደግሞ፣ ለምክር ብለሽም ቢሆን፣ ከሥራ ሊያስባርር ይችላል። (በደግነት ብዛት የሚሠራ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው የዚህ ዓይነት ስሕተት ከኪስ ገንዘብ መስጠት ነው። ለአንዱ ሰጥተሽ ለጎረቤቱ ስትከለክይ ነገ ያ ሰፈር በር አይከፍትልሽም።)

አሁን የልምዱን ክፍተት ምን ይሙላው? ምክራችን የአገልግሎት ካርታ ሥሪ ነው። የምታመለክቺበት ድርጅት የሚሠራበትን ሰፈር ምረጪ። እዚያ ያሉትን ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ የሕግ ድጋፍ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮና የሰፈር ማኅበራት እየዞርሽ ጠይቂ። ለእያንዳንዳቸው አንድ መስመር፦ ምን ይሰጣሉ፣ ለማን፣ ምን ሰነድ ይጠይቃሉ፣ ስንት ሰዓት ይከፈታሉ፣ ክፍያ አለው ወይ፣ ያረጋገጥሽበት ቀን። ሃያ መስመር ከሞላ ይበቃል። የቀን ዓምዱን አትዝለይው፤ ካርታ የሚሞተው ሳይታደስ ሲቀር ነው። ይህን አትመሽ ቃለ መጠይቁ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጪ «ልምድ አላት ወይ?» የሚለው ክርክር ግማሹ ያልቃል። የባለጉዳይ ስም ግን በምንም መንገድ አይግባበት።

ማመልከቻሽንም በ«ኬዝ ወርከር» መደብ ብቻ አትወስኚ። የማኅበረሰብ አንቀሳቃሽ፣ መረጃ ሰብሳቢ፣ የኬዝ ረዳት የሚባሉ መደቦች የልምድ ጥያቄያቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ውስጥ ከገባሽ በኋላ ፋይል መያዝ ትለምጃለሽ። የመረጃ ሰብሳቢ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ጥያቄ መጠየቅና ዝም ብሎ መስማት ለማስተማር ግን የሚያህለው የለም።

ጠያቂዎቹ «ያንቺ ጥያቄ አለ?» ሲሉሽ «የለኝም» አትበይ። አንድ ሠራተኛ ስንት ኬዝ እንደሚይዝ ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታደሰው በሰብዓዊ ርዳታ ውስጥ የሕፃናት ጥበቃ መመዘኛ ከ25 እንዳይበልጥ፣ አንድ ሱፐርቫይዘርም ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ ሠራተኛ እንዳይዝ ይመክራል። «ሰባ፣ ሰማንያ» ካሉሽ እዚያ የምትሠሪው ፎርም መሙላት ብቻ ነው። ብቻሽን ቤት ለቤት ስትሄዲ የት እንዳለሽ የሚያውቅ ሰው መኖሩንም ጠይቂ።

የሲቪሽን ሁለተኛ ገጽ እንደነገርንሽ አስተካክለሽ ከካርታው የመጀመሪያ አሥር መስመሮች ጋር ብትልኪልን አይተን እርማቱን እንጽፍልሻለን።