ዕጢው መድኃኒት ይለምዳል ወይ?

ከደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የጻፉልን እናት፣ በፎቶ ላይ የልጃቸው አንድ ዓይን ቀይ፣ ሌላው ነጭ ሆኖ እንደሚወጣ ይነግሩንና «ስልኩ ይሆን?» ይላሉ።

ሊሆን ይችላል። ነጩ ግን የዓይን ዕጢ ምልክትም ሊሆን ስለሚችል በግምት አይታደርም፤ በዚህ ሳምንት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ይውሰዱት። ብሌኑ በጠብታ ሰፍቶ ሬቲናው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ይታይ። ፎቶውን አይሰርዙት፣ ለሐኪሙ ያሳዩት።

ካሮት የዓይን ዕጢ ያጠፋል?

አያጠፋም።

የኮምቦልቻው አባት ተቆጥተዋል። ልጃቸው ለሬቲኖብላስቶማ (የሕፃናት የሬቲና ካንሰር) ስድስት ዙር ኬሞ ጨርሶ ዕጢው ተመለሰ። «መድኃኒቱ ውሃ ነበር ወይስ ሰውነቱ ለመደው? ክኒንስ ከዱባይ ላስመጣ?»

የሚለምደው ሰውነቱ ሳይሆን ዕጢው ነው። ከኬሞ መድኃኒቶቹ ካርቦፕላቲንና ኢቶፖሳይድ የሴሉን ዲኤንኤ ይጎዳሉ፤ ቪንክሪስቲን ሴሉ ለሁለት እንዳይከፈል ያውካል። ገዳዩ ግን ሴሉ ራሱ ነው፦ ጉዳቱ ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኤኬቲ የሚባለው፣ ሴሉን «ኑር» የሚል መልእክተኛ ፕሮቲን ከመጠን በላይ ሲነቃ፣ ሞትን የሚገፋውን ባድ የተባለ ፕሮቲን ፎስፌት ለጥፎበት ዝም ያሰኘዋል፤ ቢሲኤል-2 የተባለው ፕሮቲንና ዘመዶቹም የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ተበስቶ ሴሉ እንዳይሞት ዘብ ይቆማሉ። በአንዳንድ ዕጢ ደግሞ ኤምዲኤምኤክስ የተባለ ፕሮቲን በዝቶ የሞቱን ትእዛዝ የሚሰጠውን ፒ53 ያፍነዋል። መድኃኒቱ መትቷል፤ ሴሉ ግን አልሞተም። የተረፉት ጥቂቶች ቁስላቸውን ጠግነው ይባዛሉ።

ይሁንና የተመለሰ ዕጢ ሁሉ መድኃኒት የለመደ አይደለም። በዓይን ውስጥ ባለው ዝልግልግ ፈሳሽ የሚንሳፈፉ የዕጢ ፍርፋሪዎች ደም ስር ስለሌላቸው፣ በደም ስር የተሰጠ ኬሞ በቅጡ አይደርሳቸውም። ሜልፋላን የተባለው የኬሞ መድኃኒት በቀጥታ ወደ ዓይን የሚወጋው ለዚህ ነው፤ ያውም ከ20 እስከ 30 ማይክሮግራም ብቻ። ሐኪሙን «የተመለሰው ሬቲናው ላይ ነው ወይስ ፍርፋሪው?» ብለው ይጠይቁ፤ ሕክምናው በዚህ ይለያያል። ከዱባይ ላስመጣ ያሉት ኤኬቲን የሚዘጋ ክኒን ከሆነ ግን ገንዘብዎን ያቆዩ፤ ለዚህ ካንሰር መደበኛ ሕክምና አይደለም። ዓይኑ ይውጣ ከተባሉ ደግሞ ለሽምግልና አይቀመጡ። ዕጢው ዓይን ውስጥ እያለ ልጁ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ካመራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሪፈሩን ይዘው ጥቁር አንበሳ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ!

ከሰኞ ገበያ፦ ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ሲያተኩሰው ፓራሲታሞል ሰጥተን እስኪነጋ እንጠብቅ?

በፍጹም። 38 ዲግሪ ከደረሰ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ነጭ የደም ሴሉ ሲወርድ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ መነሻውን አያክምም። የመጨረሻው ዙር የተሰጠበት ቀን ያለበትን ካርድ ይዘው ይሂዱ፤ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።