በሌለሁበት በሬን ሰብረው ገቡ፣ መብት አላቸው ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ለንደን ፍላት ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ማታ ማታ ቢሮ አፀዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሺፍት ስመለስ ቁልፌ አልገባ አለኝ፣ ደክሞኝ መስሎኝ ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ኋላ ልብ ብዬ ሳየው የበሩ ቁልፍ አዲስ ነው፣ መቃኑ ተሰንጥቆ ጣውላ ተመቶበታል፣ ወረቀትም ተለጥፏል። የላይ ፎቅ ጎረቤቴ ነው የነገረኝ፣ ሌሊት ጋዝ ሸቶት ደወለ፣ የጋዝ ሰዎች መጥተው ቢያንኳኩ ቢያንኳኩ ሰው ሲያጡ ሰብረው ገቡ። ውስጥ ስገባ የጋዝ ቆጣሪው ተዘግቶ አትጠቀሙ የሚል ወረቀት ታስሮበታል፣ ከምድጃው ኋላ ያለው ጎማ ነው አሉ የሚያፈሰው፣ የጫማቸው ዱካ ከበሩ እስከ ኩሽና ድረስ ምንጣፉ ላይ ይታያል። የጎደለ ዕቃ የለም። ግን ያለ ፍርድ ቤት ወረቀት፣ እኔ ሳልኖር፣ እንዴት ነው የሰው ቤት የሚገባው? በሩንስ ማን ነው የሚሰራልኝ? አከራዬ ወጪውን እኔ ላይ ሊጥል ነው የሚመስለው።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ። ቤትሽ ተኝተሽ ብትሆኚ ኖሮ ይሄን ደብዳቤ ላትጽፊልን ትችይ ነበር፣ ያንን ጎረቤትሽንም ቡና አፍልተሽ ጥሪው።

ወደ ጥያቄሽ ስንመጣ፣ በዚህ ጉዳይ አዎ መብት አላቸው። እዚህ ብሪታንያ ከፈረንጆቹ 1954 ጀምሮ የቆየ ሕግ አለ፣ የጋዝም የመብራትም ሰዎች ቤትሽ የሚገቡት አንቺ ስትፈቅጂ ነው፣ ካልፈቀድሽ ደግሞ ከማጂስትሬት ፍርድ ቤት ማዘዣ፣ ማለትም ዋራንት፣ ይዘው መምጣት አለባቸው። ከዚህ ውጪ ያለው አንድ በር ድንገተኛ አደጋ ነው፣ ሕይወት ወይ ንብረት ሊጠፋ ነው ብለው ለማመን በቂ ምክንያት ካላቸው ማዘዣ አይጠየቁም። ከጋዝ ሽታ የበለጠ ምክንያት ደግሞ የለም፣ ምክንያቱም የተጠራቀመ ጋዝን ለማፈንዳት ክብሪት አያስፈልግም፣ የመብራት ማብሪያ ስትጫኚ የምትፈጠረው ትንሽ ብልጭታ ትበቃለች፣ የሚፈነዳው ደግሞ ያንቺ ክፍል ብቻ ሳይሆን ላይና ታች ያሉት ልጆች የተኙበት ቤት ጭምር ነው። እኔ እንደውም በዚህ ሕግ ቅር አይለኝም፣ ቅር የሚለኝ ከገቡ በኋላ ሰውን ግራ አጋብተው ሲሄዱ ነው።

በሩን በተመለከተ ግን ዝም እንዳትይ። ሕጉ እንዲገቡ ሲፈቅድላቸው ግዴታም ጥሎባቸዋል፣ ቤቱን ሲያገኙት ከነበረው ባላነሰ ሁኔታ ዘግተው ጠብቀው መሄድ አለባቸው፣ ሲገቡ ያበላሹትንም ወይ መጠገን ወይ ካሳ መክፈል አለባቸው። ጣውላ መትቶ መሄድ የሌሊቱ ሥራ ነው እንጂ ጥገና አይደለም። ስለዚህ መቃኑን፣ ቁልፉን፣ የለጠፉትን ወረቀት ሁሉንም ፎቶ አንሺ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን የጉዳይ ቁጥር ያዢ፣ በጽሑፍ አቤቱታ አስገቢ፣ ለአከራይሽም በዛው ቀን በጽሑፍ አሳውቂው፣ በቴሌፎን ያወራሽው ነገ ማስረጃ አይሆንሽም። አቤቱታሽን ለማን ብለሽ እንዳትሳሳቺ ደግሞ፣ ቢል የሚልክልሽ ካምፓኒ ሌላ ነው፣ ሌሊት የመጡት የመስመሩ ባለቤት የሆነው የኔትወርክ ካምፓኒ ሰዎች ናቸው፣ ስማቸው የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። 8 ሳምንት ሞልቶ ካልፈቱልሽ ወይም መጨረሻ መልሳችን ይሄ ነው ካሉሽ ወደ ኢነርጂ ኦምቡድስማን፣ ማለትም በጋዝና በመብራት ካምፓኒዎች ላይ የሚቀርብ አቤቱታን ወደሚያይ ገለልተኛ አካል፣ መሄድ ትችያለሽ፣ ላንቺ በነፃ ነው።

የምድጃውን ጎማ ግን እነሱ አይሰሩልሽም። የነሱ ሥራ አደጋውን ማቆም ነው፣ መዝጋት። ጎማውን የሚቀይረው ጋዝ ሴፍ በሚባለው የጋዝ ሠራተኞች መዝገብ ላይ የተመዘገበ ባለሙያ ነው፣ መታወቂያውን ጠይቂው፣ በርካሽ እሰራለሁ የሚል ወዳጅ ዘመድ እንዳታስነኪ በናትሽ። ምድጃው የአከራይሽ ከሆነ ወጪው የሱ ነው፣ በየ12 ወሩ ጋዙን ማስመርመርና ወረቀቱን ላንቺ መስጠትም ግዴታው ነው፣ ያንን ወረቀት አይተሽው ታውቂያለሽ?

ለሌሎቻችሁም፣ ጋዝ ከሸተታችሁ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ዝጉ፣ ውጡና ከውጪ ሆናችሁ 0800 111 999 ደውሉ፣ 24 ሰዓት ይሰራል፣ ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ 78 ዓመቱ ነው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው፣ እንግሊዝኛም ብዙ አይችልም። የመብራት ዕዳ አለበት፣ ልጠይቀው ስሄድ ፍርድ ቤት ሄደን ካርድ ቆጣሪ እናስገባለን የሚል ደብዳቤ አገኘሁ። እውነት ሰብረው ይገባሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዕዳ ድንገተኛ አደጋ አይደለም፣ ያለ ማዘዣ ንቅንቅ አይሉም። ማዘዣ ካገኙ ግን ቁልፍ ሰሪ ይዘው መጥተው መክፈት ይችላሉ። በ2023 መጀመሪያ አቅመ ደካሞች ቤት ሳይቀር በግድ እየገቡ ካርድ ቆጣሪ ሲያስገቡ ጋዜጣ አጋልጦ አገሩ ተንጫጫ፣ በዛው የካቲት ወር ፍርድ ቤቶቹ እንዲህ ያለውን ማመልከቻ ማየት እንዲያቆሙ ታዘዙ፣ በጥር 2024 ነው በአዲስ ደንብ ለአንዳንድ ካምፓኒዎች እንደገና የተፈቀደው። በአዲሱ ደንብ መሠረት ቢያንስ 10 ጊዜ ሊያገኙት መሞከር አለባቸው፣ ቤቱ ሄደው ሁኔታውን ማየት አለባቸው፣ ከሁሉም በላይ 75 ዓመት የሞላውና ሌላ የሚረዳው ሰው ቤት ውስጥ የሌለው ሰው ላይ በግድ ማስገባት ክልክል ነው። አባትህ እዚህ ውስጥ ይገባል። ችግሩ ካምፓኒው ዕድሜውን ላያውቅ ይችላል፣ ማን ነገረውና?

እኔ ለአገሬ ሰዎች ሳስተረጉም ስንት ዓመቴ ነው፣ ሁልጊዜ የማየው አንድ ነገር ነው፣ ፍሪጅ ላይ የተቀመጠ ፌስታል ሙሉ ያልተከፈተ ፖስታ። ዕዳው ስለሚያሳፍር አይከፈትም፣ እንግሊዝኛው ስለሚያስፈራ አይከፈትም፣ የፍርድ ቤቱ ቀን ግን እዛው ፖስታ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ዛሬውኑ ፖስታዎቹን በሙሉ ከፍተህ ቀኑን ፈልግ፣ ደውልና ዕድሜውን፣ ብቻውን መሆኑን፣ ሕመም ካለበትም ሕመሙን አስመዝግብ፣ በአቅሙ በየወሩ የሚከፍለውን አብራችሁ ተስማሙ፣ ቀኑ ደርሶ ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤቱ ቀርባችሁ መናገር ትችላላችሁ።

ስትደውል ፕራዮሪቲ ሰርቪስ የሚባለው መዝገብ ላይ አስገቡልኝ በል፣ ክፍያ የለውም፣ ለአረጋውያንም እንግሊዝኛ ለማይችሉም ነው። እዛ የሚስጥር ቃል ያስመዘግባሉ፣ አጭር ቃል ምረጡ፣ ለምሳሌ ቡና። ከዛ በኋላ ከካምፓኒው ነኝ ብሎ የሚያንኳኳ ሰው ሲመጣ አባትህ በሩን ሳይከፍት ቃሉን ይጠይቀው፣ ካላወቀው አይክፈትለት፣ ላንተ ይደውል።