ቁርስ ያመለጣቸው ሯጮች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። 5,000 ሜትር እሮጣለሁ። አንደኛ ዓመት ስገባ የሩጫ ቡድናችን ከሃያ በላይ ልጆች ነበሩት። ዘንድሮ አራት ቀርተናል። አሠልጣኛችን ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ትጥቅ ካየን ሁለት ዓመት ሆነን። አዲስ አበባ ያለ አንድ ክለብ ለሙከራ ጠርቶኛል። ትምህርቴን ትቼ ልሂድ? ቡድኑስ እንዲሁ ሊቀር ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ትጥቁም ስለ አሠልጣኙም ነግረሽኛል። ከልምምድ በኋላ ቁርስ ስንት ሰዓት እንደምትበሉ ግን አልነገርሽኝም። እየቀለድኩ አይደለም።

ደብረ ብርሃን የስፖርት መምህር ሳለሁ አንድ የኮሌጅ ቡድን በትርፍ ሰዓቴ ይዤ ነበር። ንጋት 12 ሰዓት እንወጣለን። ኅዳር ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል፤ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ልጆቹ ጋቢ ተከናንበው ይመጡና አጥሩ ላይ ሰቅለውት ይሮጣሉ። ጨርሰን ስንመለስ 2 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ካፌው፣ ማለትም የተማሪዎች ምግብ ቤቱ፣ ደግሞ ልክ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። አንድ ቀን ከልጆቹ አንዷ ሚል ካርዷን (የምግብ መታወቂያዋን) በእጇ ይዛ፣ በመስኮቱ የቂንጬው ድስት ሲታጠብ ቆማ ስታይ አገኘኋት። በሳምንቱ አልመጣችም። ከዚያ ሁለት ወንዶች ቀሩ። ቡድኑ ይፍረስ ያለ ሰው የለም። በጀትም ያኔ አልተቀነሰም። ቢሮ ሄጄ ስናገር «በደብዳቤ አቅርብ» ተባልኩ። አቀረብኩ። መልሱ ሳይመጣ ዓመቱ አለቀ። እስከዚያው ባለቤቴ በሶ ትጨብጥልን ነበር (የመንዝ ገብስ በሶ፣ በማር፤ እሱን የበላ ልጅ ሲሮጥ ከፍጥነቱ የተነሣ አይታይም!)።

አበበ ቢቂላን ስናነሳ ሁሌ ባዶ እግሩን ነው የምናነሳው። እዚሁ ሸዋ ካለችው ከመንዲዳ ብዙም በማይርቀው ጃቶ የተወለደ ስለሆነ እኛም የእኛ ልጅ እያልን እንኮራበታለን። ግን በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የጨረሰው ሰውዬ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። የሚያበላው ቤት፣ የሚሮጥበት ሰዓት፣ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነበረው። ማሞ ወልዴም የወጣው ከዚያው ከክብር ዘበኛ ነው። ዛሬ ያንን ሥራ የያዙት ክለቦች ናቸው። ደሞዝና ካምፕ አላቸው። ስለዚህ ጎበዙ ልጅ ወደ ክለብ ቢሄድ አልፈርድበትም። ዩኒቨርሲቲ ግን ክለብ የማይወስዳቸውን፣ ነገ የስፖርት መምህርና አሠልጣኝ የሚሆኑትን ልጆች መያዝ ነበረበት። እኔን የሚቆጨኝ የእነሱ መበተን ነው።

አየሩማ አልጠፋ። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ እነ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያወጣችው በቆጂም እንደዚያው ናት።

ወደ አንቺ ልምጣ። ሙከራውን ሂጂ፣ ግን በሴሚስተር እረፍት ይሁን። ከወሰዱሽ ሳትፈርሚ ጠይቂ፤ ውሉ ለስንት ጊዜ ነው? ብጎዳ ደሞዙ ይቀጥላል? እንድማር ይፈቅዱልኛል? እንቢ ካሉና መሄድሽ የግድ ከሆነ ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ሞልተሽ ውጪ። ዝም ብሎ መጥፋት የለም። ስንቱ ልጅ እግሩን ታሞ ሲመለስ ሬጅስትራር በር ላይ ሲንከራተት አይቻለሁ። እስከዚያው 400 ሜትር ስትደጋግሚ እዚያ ከፍታ ላይ ሰዓትሽ ቢዘገይ አትደንግጪ። እረፍቱን አርዝሚው። አዲስ አበባ ስትወርጂ ትንፋሽሽ ይቀልልሻል።

አራታችሁ ደግሞ ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ አትጻፉ፤ እኔ ጽፌ አይቼዋለሁ። ለልምምድ ማክሰኞና ሐሙስን ያዙ። ስማችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ካፌ ኃላፊው ዘንድ በአካል ሂዱ። «አራት ሰሃን እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያዙልን» በሉት። የምትጠይቁት ይኼንኑ ብቻ ነው። እሺ ካለ አምስተኛ ልጅ ጨምሩ። እምቢ ካለም ጻፊልኝ፤ በሶ ከቤቴ አይጠፋም።