ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር

ልጆቼ፣

በ1979 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። የተረከብኩት ንብረት እስከ ዛሬ በቃሌ አለ። 2,140 መጽሐፍ። ስምንት ጠረጴዛ። አራት ባለ መስታወት ቁም ሳጥን። እግሩ የተሰበረ አንድ ሉል። አንድ ዘለላ ቁልፍ። ተቆጠረ፣ ተመዘገበ፣ ከሥሩ ፈረምኩ። 23 ዓመቴ ነበር።

ያስረከበኝ ሰውዬ ቁልፉን እጄ ላይ ሲያኖር አንድ ምክር ጨመረልኝ። «ስማ ወንድሜ፣ መጽሐፍ የሚጠፋው ሲነበብ ነው። ካልተነበበ የትም አይሄድም።» ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ የሰኔ ቆጠራ ሲመጣ ነው። መጽሐፍ ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ገቢ ይሆናል፤ እንደ ወንበር፣ እንደ አካፋ። አካፋ ሲጎድል ተረካቢው እንደሚጠየቅ ሁሉ መጽሐፍም ሲጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ሰባት ጎደለብኝ። ዋጋው ከደሞዜ ተቆረጠ። መስከረም ሲጠባ ቁም ሳጥኖቹን በሙሉ ቆለፍኳቸው። ተማሪው ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ ርዕሱን በጣቱ ያሳየኛል። እኔ «እሱ ማጣቀሻ ነው፣ አይወጣም» እላለሁ። ልብ ወለዱም ማጣቀሻ፣ ተረቱም ማጣቀሻ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ውሃውን የቆለፍኩት እኔ ነበርኩ።

በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት አንድም መጽሐፍ አልጎደለም። የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ደብዳቤው አሁንም ፋይሌ ውስጥ አለ። ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ።

በ1982 ይመስለኛል፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መጣች። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ፈለገች። እንደ ልማዴ እምቢ አልኳት። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን እንድትተወኝ ብዬ «ዋስ አምጪ» አልኳት። ለመጽሐፍ ዋስ የሚያመጣ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

አባቷን ይዛ መጣች። ሸማኔ ናቸው። ጋቢያቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ነበረበት። «ልጄ የምትወስደው ዕቃ ምንድነው? ዋሷ እኔ ነኝ» አሉኝ። መዝገቡን ገለጥኩላቸው። ብዕሩን እንደ ዱላ ጨብጠው ስማቸውን ጎተት ጎተት አድርገው ጻፉ። ላብ አላባቸው። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ «የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት አለኝ እኮ፤ ግድግዳ ላይ ነው። ንባቡ ግን ጠፋብኝ። ሰው አንድ ዓመት ካልሸመነ እጁ ይረሳል፤ ይሄም እንደዚያው ነው» አሉ።

ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ተጀመረ። በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ፤ አገሪቱም ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። ስለዚያ ዘመን ብዙ መራራ ነገር ማውራት ይቻላል። ያን ዘመቻ ግን አልንቅም፤ እናቴም ስሟን መጻፍ የተማረችው በዚያ ነው። ችግሩ ከሰርተፊኬቱ በኋላ ነው የመጣው። በየገጠሩ የንባብ ክፍሎች ተከፍተው ነበር። ሆኖም ፊደል የቆጠረ ሰው በየወሩ አዲስ የሚያነበው ነገር ካላገኘ ይረሳል። ሸማኔው ቤታቸው ከእኔ ቁም ሳጥን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር። አሥር ደቂቃ! ቁልፉ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ልጅቷ መጽሐፉን በሳምንቱ መለሰችው፤ በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተሸፍኖ። አባቷም አብረው መጡ። «ቀጥሎ ምን አለ?» አሉኝ እሳቸው። ለካ እሳቸው ሲሸምኑ እሷ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብላቸዋለች። ጥጥ የሚፈትሉ የጎረቤት ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው እየመጡ ይቀመጣሉ። አንድ መጽሐፍ አበደርኩ ብዬ ለካ ለአንድ መንደር ነበር ያበደርኩት።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ደፋር ስለሆንኩ አይምሰላችሁ፤ ኅሊናዬ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነው። «በውሰት ምክንያት የሚጎድል መጽሐፍ በእኔ ላይ ዕዳ እንዳይሆን ይወሰንልኝ» አልኩ። አንድ ወር ተከራከርን። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ በውሰት ጠፍቶ የተረጋገጠው ከመዝገብ ይሰረዛል ተባለ። በዚያ ዓመት 31 መጽሐፍ ጠፋ። አዘንኩ እንጂ አልከሰርኩም። የውሰት መዝገቡ ግን ሦስት ጊዜ ሞልቶ ተቀየረ።

ስለዚህ የትምህርት ቤታችሁ ላይብረሪ ተቆልፎ ካገኛችሁት ሠራተኛውን አትስደቡ። መጀመሪያ «መጽሐፍ ቢጠፋ ማን ነው የሚከፍለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ነው ያለው። ከዚያ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩ። ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ። የንባብ ክበብ አቋቁማችሁ በምሳ ሰዓት ተራ ገብታችሁ ለመቀመጥ፣ የውሰት መዝገቡን ለመያዝ፣ የተገነጠለ ለመስፋት ቃል ግቡ። አንድ ሠራተኛ ለሺህ ተማሪ ብቻውን በሩን ከፍቶ መዋል አይችልም። ሽንት ቤት መሄድም አለበት።

ኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ። ቀሪውን ዕድሜዬን የሠራሁት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የከተማዋ አንጋፋ ቤተ መጻሕፍት ሁላችሁም የምታውቁት ወመዘክር ነው። ስሙ እንዴት እንደመጣ የምታውቁ ግን ጥቂት ናችሁ። በ1936 ዓ.ም. ሲከፈት «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ተባለ። ሕዝቡ ከፊቱን ቆርጦ ጭራውን አስቀረ። «ወመዘክር» ማለት «እና ማስታወሻ» ማለት ነው። ሰው «‹እና ማስታወሻ› ጋ እንገናኝ» እያለ መቀጣጠሩ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጠዋት የሚሰለፈውን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተማሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጋዜጣ ለማንበብ የሚመጡ ጡረተኞች አሉ፤ ወንበራቸውን ያውቃሉ፣ ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ቀኑን ሙሉ ይኮራረፋሉ። የሥራ ማስታወቂያ የሚገለብጥ ምሩቅ አለ። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ የሚከራይበትን ሳንቲም ያጣው እኛ ጋ ይመጣ ነበር። ከአከራዩ ጋር የተካሰሰ ተከራይ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ጠይቆ አንቀጹን በእጁ ይገለብጣል። ዝናብ ያባረረውም አለ። እሱንም አላስወጣሁም። ዝናብ አባርሮት ገብቶ በኋላ ጎበዝ አንባቢ የሆነ ሰው አውቃለሁ።

ባልደረቦቼ አንድ ነገር ያማርሩ ነበር። «ይሄ ሁሉ ሰው የራሱን ደብተር ይዞ መጥቶ ያጠናል እንጂ የእኛን መጽሐፍ መቼ ነካ?» ይላሉ። እውነት ነው። ፈተና ሲደርስ አዳራሹ ሞልቶ አንድም መጽሐፍ ከመደርደሪያ ሳይወርድ ይመሻል። እኔ ግን በዚህ ከእነሱ ጋር ተስማምቼ አላውቅም። ያ ልጅ የሚኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከስድስት ሰው ጋር ነው። ቴሌቪዥኑ እዚያው፣ ምድጃው እዚያው። ጠረጴዛ የለም። መብራትም ይጠፋል። ለእሱ ወንበርና ጸጥታ መስጠት ከመጽሐፍ የሚያንስ አገልግሎት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሰምታችኋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በላይብረሪ አላመካኝም። ግን የሚያጠናበት ወንበር የሌለውን ልጅ ለምን ወደቅህ ማለት ያስተዛዝባል።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ሄጄ አየሁት። ደስ አለኝ፤ እንባም መጣብኝ፣ ምን ልዋሽ። ነገር ግን አራት ኪሎ ለመድረስ ሁለት ታክሲ የሚያስፈልገው ልጅ በየቀኑ አይመጣም። ለእሱ የሚያስፈልገው የወረዳው ወጣት ማዕከል ውስጥ ያለው ባለ 20 ወንበር ክፍል እስከ ማታ እንዲከፈትለት ነው። ትልቁን ስንመርቅ ትንሹን እንዳንረሳ ስብሰባ በተገኘ ቁጥር እላለሁ። አሁን ጡረታ ስለወጣሁ እናንተ በሉልኝ።

የአቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ታሪክ ብታውቁ ደስ ይለኛል። በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሠራተኛ ሆኑ። የየአገሩ ልጅ በየቋንቋው መጽሐፍ ሲያገኝ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ግን የለም። ስለዚህ ራሳቸው አንድ አዘጋጁ፤ ከእሱ ሽያጭና ከወዳጆች በተገኘ ገንዘብ በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ተጭኖ ወደ ልጆቹ ይሄድ ጀመር። እኔ የወደድኩት አህያዋን ነው። እኛ ሕንፃ እስኪሠራ ስንጠብቅ አህያ አገኙ።

ውጭ ያላችሁ ወጣቶችም ይህን ታነቡ ይሆናል። መጽሐፍ ሰብስባችሁ ለመላክ ታስባላችሁ፤ እግዜር ይስጣችሁ። ከመላካችሁ በፊት ግን ተቀባዩን ጠይቁ። አንዴ አሥራ ሁለት ካርቶን ተረከብኩ። ግማሹ ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር መማሪያ ነበር። አንዱ ስለ በረዶ መንሸራተቻ ጫማ አጠቃቀም ነው። ለካርቶኑ ማጓጓዣ በወጣው ገንዘብ እዚሁ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ የታተሙ የልጆች መጻሕፍት ቢገዙ ደራሲውም ይጠቀማል፣ ልጁም ያነባል።

ስለ ስልካችሁ አልሰብክም። እኔም ስልኬ ላይ አነባለሁ፣ ፊደሉን አግዝፌ። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ስልኩ የጠየቃችሁትን ይሰጣችኋል፣ መደርደሪያ ደግሞ ያልጠየቃችሁትን ያሳያችኋል። የምትፈልጉትን መጽሐፍ ስታገኙ ግራና ቀኙን ሳታዩ አትመለሱ። ሠራተኛውንም አነጋግሩት። ቀኑን ሙሉ «ቦርሳ አስቀምጥ»፣ «ዝም በል» ሲል የሚውል ሰው «ጋሼ፣ ምን ላንብብ?» ሲባል እንዴት ፊቱ እንደሚበራ ታያላችሁ። እባካችሁ ደግሞ ገጽ በምላጭ አትቁረጡ። የተቆረጠውን ገጽ ከኋላችሁ የሚመጣው ልጅ ይፈልገዋል። ይህን የሚያደርጉት ሰነፎች ቢሆኑ ባልገረመኝ፤ የሚቆርጡት ጎበዞቹ ናቸው።

ሌላም ሥራ አለ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ። ዓይነ ስውር ተማሪዎች ብሬል ያልሆነውን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚያነቡት በሰው ዓይን ነው። ስድስት ኪሎ ግቢ ዛፍ ሥር ሁለት ሁለት ሆነው የሚቀመጡ አይታችሁ ከሆነ አንዱ አንባቢ ነው። ሌላው እየሰማ በብሬል ይጽፋል ወይም ድምፁን ይቀዳል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ቀን ድምፄ በግማሽ ሰዓት ተዘጋ። ለ37 ዓመት «ዝም በሉ» ስል ኖሬ ጮክ ብሎ ማንበብ አልለመድኩማ።

አሁን የማነብለት ልጅ የሕግ ተማሪ ነው። ሥርዓተ ነጥብ ከዘለልኩ ያቆመኛል፤ «ጋሼ፣ እዚያ ጋ ነጠላ ሰረዝ የለም እንዴ?» ይላል። አለ። ሁልጊዜ አለ። አርብ ፈተና አለበት፣ 40 ገጽ ይቀረናል፣ ስለዚህ ዛሬ በጊዜ ልተኛ።