ስኮንሽ የማይነሳው በሚዛን እጦት አይደለም

ሚዛን ስለሌለኝ ስኮኔ (ያለ እርሾ፣ በቤኪንግ ፓውደር የሚነሳ ትንሽ ጣፋጭ ዳቦ) ጠፍጣፋና ደረቅ ሆነ ላልሽው፦ ጥፋቱ የሚዛን አይደለም። ቅቤው በባሕር ዳር ሙቀት ሊጡ ውስጥ ቀልጧል፤ አንቺም «እንደ ዳቦ በደንብ አሸሁት» ብለሻል። ስኮን መታሸት አይወድም።

240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ኩባያ ምረጪና ሁሉንም በእርሱ ለኪ።

1. 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ሩብ ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ዱቄቱን በማንኪያ እየጨመርሽ ሙዪ፤ በኩባያው ከዛቅሽው ይጠቀጠቅና ይበዛል። ቤኪንግ ፓውደር 3 የሻይ ማንኪያ ቢባልም፣ ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች 2 ተኩል ይበቃል።

2. ሲሶ ኩባያ ለጋ ቅቤ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ቆራርጠሽ በጣትሽ ጫፍ ከዱቄቱ ጋር ፈርፍሪው። አተር የሚያህሉ ቁርጥራጮች ይቅሩ፤ ስኮኑን ንብርብር የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። ንጥር ቅቤ ግን ለወጥ ይቆይ።

3. ሦስት አራተኛ ኩባያ ቀዝቃዛ ወተት ጨምሪ። አሬራ ካገኘሽ እኔ እርሱን እመርጣለሁ፤ ያለሰልሰዋል። ሊጡ እንደተያያዘ እጅሽን አንሺ።

4. በ2 ተኩል ሴንቲ ሜትር ውፍረት ዳምጠሽ በብርጭቆ አፍ ቁረጪ። ብርጭቆውን አታዙሪው፤ ጠርዙ ይጣበቅና አያድግም። በ220 ዲግሪ በጋለ ምድጃ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ።

ከልምዴ አንድ ነገር ልጨምር፦ የሐይቁ እርጥበት የተከፈተ ቤኪንግ ፓውደርን ቶሎ ያዳክማል። ከመጀመርሽ በፊት ከፓውደሩ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ወስደሽ ሙቅ ውኃ ላይ ጣዪ፤ ወዲያው ካልፈላ ሌላ ግዢ።