ስሚዝ ሁሉ ቀጥቃጭ ነበር ወይ?

ሰላም እህቴ። «ኬር ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት) ሥራ ጀምሬአለሁ። በየበሩ ላይ ስሚዝ፣ ቤከር፣ ዎከር የሚል ስም ተለጥፏል። እውነት ዘራቸው ቀጥቃጭና ጋጋሪ ነው? ብጠይቃቸውስ ነውር ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ በዚሁ ሥራ ላይ ስለቆየሁ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

ቀጥቃጩና ጋጋሪው በእርግጥ ነበሩ። ግን የኖሩት ከ600 እና ከ700 ዓመት በፊት ነው። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 (በፈረንጆች አቆጣጠር) አገሩን ከመያዛቸው በፊት አብዛኛው እንግሊዛዊ አንድ ስም ብቻ ነበረው። አልፍሬድ ከተባለ አልፍሬድ ነው፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ዊሊያም፣ ሮበርትና ሪቻርድ ፋሽን ሆኑ። ጆንም በየመንደሩ በዛ። ታዲያ አንዱን ጆን ከሌላው በምን ትለዪዋለሽ? ጎረቤት መለያ ያወጣለታል፤ ቀጥቃጩ ጆን፣ ኮረብታው ሥር ያለው ጆን፣ ቀዩ ጆን፣ የሮበርት ልጅ ጆን። ግብር ሰብሳቢም እንዲሁ ብሎ ይመዘግበዋል። ከ1377 እስከ 1381 የተጣለው የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ በእንዲህ ዓይነት ስም የተሞላ ነው። እየቆየ መለያው ለልጅ ልጅ ተላለፈ። ልጁ ዳቦ ጋግሮ ባያውቅም ቤከር ሆኖ ቀረ።

ስሚዝ ደግሞ ስድብ እንዳይመስልሽ። እኛ አገር ቀጥቃጭን በክፉ ዓይን የማየት ልማድ ስለነበር ነው እንዲህ የምልሽ። እዚህ ማረሻውንም የፈረሱንም ጫማ የሚሠራው እሱ ስለሆነ ያለ እሱ መንደሩ አይንቀሳቀስም ነበር።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ዎከር ነው። «መንገደኛ» ማለት እንዳይመስልሽ። የተሸመነውን ሱፍ ውሃ ውስጥ በእግሩ እየረገጠ የሚያጠብቀው ሰው ነው። ያንኑ ሥራ የሚሠራውን በደቡብ ምዕራብ ተከር፣ በደቡብ ምሥራቅ ፉለር ይሉታል። ስሙን ሰምተሽ ዘሩ ከየት አካባቢ እንደሆነ ትገምቻለሽ። ዮርክሻየር የሱፍ አገር ስለሆነ ዎከር እንደ ጉድ ነው። ዌብስተር፣ ባክስተርና ብሩስተር ደግሞ መነሻቸው የሴት ባለሙያ ነው፤ ሸማኔዋ፣ ጋጋሪዋ፣ ጠማቂዋ። ኋላ ላይ ለወንዱም ተባለ እንጂ።

በአባት ስም የሚጠሩትማ ቁልምጫው ያደናግራል። ሪቻርድ ሪክ ይባላል፣ ሪክ ዲክ ይሆናል፣ ልጁ ዲክሰን ተባለ። ሮበርትም ሮብ፣ ከዚያ ሆብ ሆኖ ሆብሰንን ወለደ። የዌልስ ሰዎች ስም አወጣጥ ደግሞ እንደ እኛው ነበር፤ የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት። በመሃል «አፕ» ይገባል፣ ልጅ ማለት ነው። አፕ ሪስ የነበረው ፕራይስ፣ አፕ ሃውል የነበረው ፓወል ሆኖ ቀረ።

መጠየቁ ነውር አይደለም። ብዙዎቹ እንዲያውም ትርጉሙን ከአንቺ ሲሰሙ ይስቃሉ። ከካሪቢያን የመጡ ሽማግሌዎች ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጊ። ካምቤል ወይም ዊሊያምስ የሚለው ስም ከብዙዎቹ ጋር የመጣው በባርነት ዘመን ነው፤ አንዳንዱም የባሪያ አሳዳሪው ስም ነው። እነሱ ራሳቸው ካላነሡት «ምን ማለት ነው?» እያልሽ ለጨዋታ አታንሺው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ለሥራሽ የሚጠቅምሽ ግን የመጀመሪያው ስም ነው። ፋይሉ ላይ ማርጋሬት ተብሎ ተጽፎ ዕድሜ ልኳን ፔጊ ስትባል የኖረች አለች። ኤሊዛቤት ቤቲ ትሆናለች፣ ጆን ጃክ ይባላል። በተለይ መርሳት የጀመሩት በፋይሉ ስም ብትጠሪያቸው ዞር ብለው ላያዩሽ ይችላሉ። መጀመሪያ ሚስስ ወይም ሚስተር በያቸው፣ ከዚያ በምን መጠራት እንደሚወዱ ራሳቸውን ወይም ልጆቻቸውን ጠይቂ። መልሱን ኬር ፕላኑ (የእንክብካቤ ዕቅዱ) ላይ አስጽፊው፤ የማታ ተረኛዋም ታውቀው።