አጥቂ ፈላጊው ወንድሜ፣ ብሩን ከመስጠትህ በፊት ይቺን አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሰፈራችሁ እግር ኳስ ቡድን ባለፈው የክረምት ውድድር ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። ዘንድሮ 60 ሺህ ብር አዋጥታችኋል። «የጅማ ክለባችን አባ ጅፋር በአጥቂው በኦኪኪ ዋንጫ እንደበላው እኛም አንድ ጨራሽ አጥቂ ከውጭ ብናመጣ ይበቃናል፣ ከየት እናምጣ፣ ስንት እንክፈል» ነው ያልከው። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ሆዴን ባር ባር አለው። ከአራት ዓመት በፊት እኔም ቃል በቃል ይህንኑ ስል ነበር። ከጥያቄህ ስር «ሀሪፍ አጥቂ አውቃለሁ፣ ኢንቦክስ ና» ብለው የጻፉልህን ሰዎች ለጊዜው ተዋቸው። አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ስሙን አልጠራም።

እኔ የጅማ፣ የሂርማታ ሰፈር ልጅ ነኝ። ቡድን መሪም፣ ገንዘብ ያዥም፣ ማልያ አጣቢም ሆኜ ስድስት ክረምት ሠርቻለሁ። ስለ ልምምድ ምናምን አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። ያቃጠለኝን ብቻ በቁጥር በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. አጥቂ አትግዛ። ቢያንስ መጀመሪያ አትግዛ። የጅማን ነሐሴ ታውቀዋለህ አይደል? በነሐሴ ሜዳችን ሜዳ አይደለም፣ ለጤፍ የታረሰ ማሳ ነው። ከተከላካይ ጀርባ የተጣለች ኳስ ጭቃው ላይ ቁጭ ትላለች፣ ፈጣኑ አጥቂህ አልፏት ይሄዳል። እኔ በስድስት ክረምት ካየኋቸው ጎሎች አብዛኞቹ ወይ ከኮርነር ናቸው፣ ወይ ከእጅ ውርወራ፣ ወይ ከበረኛ እጅ ሾልካ ከወደቀች እርጥብ ኳስ። ስለዚህ ብርህ መጀመሪያ እጅ ያለው በረኛ ላይ፣ ቀጥሎ በጭንቅላት የሚያወጣ ረጅም ተከላካይ ላይ ይዋል። አጥቂ እንደሆነ ከሰፈር አይጠፋም። ሰፈር ውስጥ ሁሉም አጥቂ ነው። በረኛ ግን ማን መሆን ይፈልጋል? ሲከፋፈሉ መጨረሻ የቀረው ልጅ ነው የሚቆመው።

የኦኪኪን ነገር ደግሞ እኔን አትንገረኝ። የ2010ን ዓመት ድምፄ እስኪዘጋ የጮህኩ ሰው ነኝ። ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሲሆን «ልጃችንን ኦኪኪ እንበለው» ብዬ ሚስቴ ለሦስት ቀን አኩርፋኛለች። ግን ልጠይቅህ፣ የዚያ ቡድን በረኛ ማን ነበር? አየህ፣ ማንም አያነሳውም። ዳንኤል አጄይ፣ ጋናዊው። ይህ ሰውዬ እኮ እ.ኤ.አ. በ2009 ካይሮ ላይ ጋና ብራዚልን በመለያ ምት 4 ለ 3 አሸንፋ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ስትወስድ በሩ ላይ የቆመው ነው። ጋና ከ37ኛው ደቂቃ ጀምሮ በ10 ሰው ነበር የተጫወተችው። በዚያ ሁኔታ 120 ደቂቃ አንድም ጎል አልገባባትም። ከዚያ በፊት ያንን ዋንጫ የወሰደ የአፍሪካ አገር አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው ከኋላ ሲኖርህ ነው ከፊት ያለው ተዝናንቶ የሚያገባው። አዲስ ያደገ ቡድን በመጀመሪያ ዓመቱ፣ እስከ መጨረሻው ቀን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ጋር ተናንቆ ዋንጫ በላ። ይህ በአንድ አጥቂ የሚሆን ይመስልሃል?

2. መልቀቂያ። መልቀቂያ። መልቀቂያ። የቀድሞ ቡድኑ ተጫዋቹን ለቅቄዋለሁ የሚልበት ወረቀት ማለቴ ነው፣ ሦስት ጊዜ የጻፍኩትም በስህተት አይደለም።

ይሄ የኔ ቁስል ስለሆነ ከመጀመሪያው ልጀምር። ያኔ ከጅማ መርካቶ ነጋዴዎች፣ ከባጃጅ ልጆች፣ ከሁለት ቡና ነጋዴዎች 45 ሺህ ብር ሰበሰብን። አጥቂ የመረጥነው የት እንደሆነ ልንገርህ? በርጫ ላይ። እናንተም እዚያው እንደወሰናችሁ እገምታለሁ፣ አትካድ። ምርቃና ላይ የሚመረጥ አጥቂ ጎል ስቶ አያውቅም። አንዱ «ወደ አጋሮ በኩል አንድ ልጅ አለ፣ ክለብ ገብቶ የወጣ፣ በሁለቱም እግሩ የሚመታ» አለ። በማግስቱ ሄድን። ልጁ ቁመናው ያምራል። ኳስ በጉልበቱ ሲያንቀረቅብ የገንዘብ ያዣችን፣ ማለትም የኔ፣ እጅ ወደ ኪስ እየገባ ነበር።

25 ሺህ ፊርማ ሰጠነው። በጥሬው፣ በእጁ። ላገናኘን ሰው 3 ሺህ። ታኬታ ገዛንለት፣ ምክንያቱም «የኔ ክለብ ቀረ» አለን። ክለብ ቀረ! እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ታኬታው ክለብ ከቀረ ክለብ አለው ማለት ነው። ግን ማን ያስተውላል፣ ሁላችንም ጎሉን ነው የምናየው።

ዝርዝራችንን ይዤ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የየትኛው እንደሆነ አልናገርም። ፎቶ አለ፣ የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ አለ፣ የአሰልጣኙ ፊርማ አለ። ሰውየው አገላበጠ፣ ማህተም ረገጠ፣ ሰጠኝ። በቃ ጨረስኩ ብዬ ወጣሁ።

የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ሁለት ጎል። ወላሂ ልጁ ይችላል፣ አልዋሽም። ተሸክመነው ነው ከሜዳ ያወጣነው። ሁለተኛው ጨዋታ አንድ ጎል፣ 1 ለ 0። ስድስት ነጥብ። ከአዌቱ ማዶ ያሉት ልጆች ሰላምታ ጀመሩን፣ ከዚያ በፊት የሚያውቁን አይመስሉም ነበር። ሦስተኛው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ተጋጣሚያችን ክስ አስያዘ። «ይህ ልጅ በሌላ ቡድን ተመዝግቧል፣ ቴሴራው (የተጫዋችነት መታወቂያው) እነሆ፣ መልቀቂያውን አሳዩን።»

መልቀቂያ? ልጁን ዞር ብዬ አየሁት። ጫማውን እያሰረ ነበር። አስሮ አይጨርስም።

ከዚያ ጽሕፈት ቤቱ ጋ የተመላለስኩትን ብነግርህ አታምንም። አምስት ቀን። ዝናብ ነው፣ ፎልደሬ በስብሷል። አንድ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። አንድ ቀን «መስክ ወጥተዋል»። አንድ ቀን ቢሮው ተቆልፎ ከውስጥ የቡና ሽታ ይመጣል። በአራተኛው ቀን ያው ማህተም የመታልኝን ሰውዬ አገኘሁት። ቀና ብሎም አላየኝም።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ኖት የተቀበሉኝ፣ ማህተሙም የእርስዎ ነው» አልኩት።

«ማህተሙ መድረሱን ነው የሚገልጸው እንጂ ትክክል መሆኑን አይገልጽም» አለኝ።

ይህን አረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንዳንዴ ማታ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ሚስቴ ትደነግጣለች።

«ታዲያ መልቀቂያ እንደሚያስፈልግ ለምን አልነገሩኝም?»

«ደንቡ ተለጥፏል። ማንበብ የእናንተ ፋንታ ነው።»

«የት?»

በአገጩ ወደ በሩ አሳየኝ። በሩ ላይ ምንም የለም። ገባህ? የተለጠፈው ከበሩ ጀርባ ነው። በሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነው የሚውለው። ደንቡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል ማለት ነው። ሄጄ በሩን ዘጋሁት። እውነትም አለ፣ ሁለት ገጽ፣ አንድ ጥጉ ተቀዶ። «በሌላ ቡድን የተመዘገበ ተጫዋች የቀድሞ ቡድኑን መልቀቂያ ያቀርባል።» ቆሜ ሳነብ ከኋላዬ «በሩን ክፈተው፣ ባለጉዳይ ይገባል» አለኝ።

ሁለቱም ድላችን በፎርፌ 3 ለ 0 ሽንፈት ሆነ። ሦስተኛውን ልባችን ተሰብሮ ተጫውተን ተሸነፍን። ወደቅን። ብሩስ? ልጁ በነጋታው ስልኩን ዘጋ። አሰልጣኛችን ያን ቀን ሜዳው ዳር ዣንጥላ ይዞ ቁጭ እንዳለ ነበር፣ ዣንጥላው ግን አልተዘረጋም። ቡና ነጋዴዎቹ እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ «ያ አጥቂ ደህና ነው?» ይሉኛል። በቀጣዩ ክረምት በሌላ ሰፈር ማልያ አየሁት፣ መጥቶ አቅፎ ሳመኝ። ምን ትለዋለህ። እኔም ሳምኩት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መልቀቂያ በእጅህ፣ ማህተም ያለበት፣ የልጁ ሙሉ ስም እስከ አያት ከመታወቂያው ጋር የሚመሳሰል። ኮፒውን አንተ ጋ አስቀር። ከዚያ ዝርዝሩን ስታስገባ የተቀበለህን ሰው ስምና ቀን በራስህ ኮፒ ላይ አስጽፍ። ከዚያ በኋላ ነው ብር። ብሩም ግማሹ መጀመሪያ፣ ግማሹ ከምድብ ስታልፉ። እምቢ ካለ ይቅር። በጥሬው አትስጥ፣ በባንክ ወይ በቴሌብር ላክለት፣ ማስረጃ ይሆንሃል። አዎ፣ የቢሮ በር ጀርባም እይ። እየቀለድኩ አይደለም።

3. ሦስተኛው ስለ በረኛ ነበር፣ ግን ቀድሜ ተናግሬዋለሁ መሰለኝ። እንዴት እንዳገኘነው ግን ልንገርህ፣ ይቺን ሳልናገር አልተኛም።

በቀጣዩ ዓመት ሰው አላመነንም። 18 ሺህ ብር ብቻ ነው የተገኘው፣ እሱንም በልመና። አንድ ቀን ማለዳ መርካቶ አትክልት ተራ ቆሜ አይሱዙ ሲያራግፉ አያለሁ። አንዱ ከላይ ጥቅል ጎመን ይወረውራል፣ ከታች ያለው ልጅ ይቀልባል። አንድ መኪና ሙሉ ጎመን። አንድም አልወደቀበትም። ሰው እያናገረ፣ ዞር እያለ፣ በአንድ እጁ እየቀለበ። ጎመኑ ደግሞ ጤዛ ጠግቦ ያሟልጫል። ጠጋ ብዬ «ኳስ ትጫወታለህ?» አልኩት። «አይ፣ አልችልም» አለኝ። «እግርህን ማን ጠየቀህ» አልኩት።

ያሰለጠነው ድሮ ክለብ የተጫወተ የሰፈራችን ጋሼ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል፣ ጉልበታቸው እሺ አይልም፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው በዱላ እያመለከቱ ሰባት ሳምንት አሠሩት። ኳሷን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክረው ነው የሚያስመቱት። መጀመሪያ አካባቢ ሲወጣ አይወጣም፣ ሲቆም አይቆምም፣ ኮርነር ሲመጣ ጋሼ ከወንበራቸው ይነሱ ነበር፣ ከንዴት ብዛት። በኋላ ግን ልጁ ገባው። ያን ክረምት በሰባት ጨዋታ ሦስት ጎል ብቻ ገባብን። ሦስት! ያገባነውም ብዙ አይደለም፣ ስድስት ነው፣ ከስድስቱ አራቱን ያገባው ረጅሙ ተከላካያችን ነው በጭንቅላቱ። ዋንጫውን 1 ለ 0 በላን፣ ጎሏ እንዴት እንደገባች እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ጭቃ ውስጥ አስር ሰው ወድቆ ኳሷ መስመር አልፋ ተገኘች። ዋንጫው አሁን የሰፈራችን ፀጉር ቤት መደርደሪያ ላይ ነው፣ ከፈለግህ ሄደህ እይ፣ ፀጉርህንም ተቆረጥ።

18 ሺሁ ምን ላይ ዋለ ካልከኝ፣ ጥሩ ጓንት (ሁለት ጥንድ፣ አንዱ ሲረጥብ አንዱ ይደርቃል)፣ ለልጁ የጠፋበትን የቀን ሥራ ማካካሻ፣ ለጋሼ ካፖርት፣ የቀረው ለትራንስፖርትና ለውሃ። ለአጥቂ ሳንቲም አላወጣንም።

4 እና 5 ነበሩኝ፣ ግን ረዘመብኝ። ስለ ተከላካይ ለብቻ እጽፍልሃለሁ።

አንድ ነገር ግን ከጥያቄህ አልለቀቀኝም። «አባ ጅፋር ተመልሶ ቢጠናከር እኛም ልጆቻችንን ወደ እሱ እንልክ ነበር» ብለሃል። እኔም ክፉኛ የምመኘው ነው። ታኅሣሥ 2011 የግብፁን ክለብ አል አህሊን 1 ለ 0 ያሸነፍንበትን ቀን እያሰብኩ እተኛለሁ፣ ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ስለነበር አላለፍንም እንጂ። ግን ዋንጫ የበላው ቡድን ወዲያው ነው የተበተነው። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ክለብ ሄደው በ2011 እዚያም ዋንጫ በሉ። ኦኪኪም ሄደ። በ2014 ከሊጉ ወረድን። የኔ ምኞት የውጭ ኮከብ አይደለም። በየሰፈሩ ጭቃ ላይ የሚንከባለሉ ስንት ልጆች አሉ፣ ከሰቃ፣ ከሰርቦ፣ ከደዶ የሚመጡ። አንድ ሰው ክረምቱን ሙሉ ሜዳ ለሜዳ ዞሮ ደብተር ላይ ቢመዘግባቸው፣ አንድ በረኛ፣ ሁለት የመሀል ተከላካይ፣ አንድ ግራኝ የመስመር ልጅ አይጠፋም። ግራኙን እኔ አውቀዋለሁ እንዲያውም፣ 16 ዓመቱ ነው፣ ማንም አልጠየቀውም።

ወደ አንተ ልመለስ። የኛ ሁለተኛ በረኛ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን የጎመኑ ልጅ እያለ መግቢያ የለውም። ሁለት ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ያሳዝነኛል። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ልምምድ ስላለን አሰልጣኛችሁን ይዘህ ና፣ እርጥብ ኳስ ምቱበት። ከወደዳችሁት ውሰዱት። ፊርማ ምናምን አልፈልግም፣ ጓንት ግዙለት። መልቀቂያውን እኔ ራሴ ጽፌ፣ ማህተም መትቼ፣ ሦስት ኮፒ አድርጌ ይዤ እመጣለሁ።